መጀመሪያ ፊሽካው፣ ከዚያ ማይኩ

በዚህ ዓመት የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ በግቢያችን የዲፓርትመንቶች የቅርጫት ኳስ ውድድር ተካሂዶ ነበር። የኛ ልጆች በመጀመሪያው ዙር ስለተሰናበቱ ብዙዎቻችሁ ፍጻሜውን አላያችሁት ይሆናል። እኔ ግን ነበርኩ። እንዲያውም የሚኒ ሚዲያውን ማይክ ይዤ ጨዋታውን «በቀጥታ ሥርጭት» ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ። ሥርጭት ስላችሁ አንዱ ሜዳው ዳር፣ ሌላው ዶርሞቹ አጠገብ በተሰቀሉ ሁለት የድምፅ ማጉያዎች ማለቴ ነው።

ጨዋታው ሲያልቅ ጓደኞቼ እየተንጫጩ ከበቡኝ። «አንቺ ልጅ፣ ጉድ እኮ ነሽ! ሬዲዮ ላይ ነው መግባት ያለብሽ!» አሉኝ። እኔም አመንኳቸው። ያን ቀን ማታ ከካፌ ወደ ዶርም ስመለስ እግሬ መሬት አልነካም ነበር ማለት ይቻላል።

ዶርም ውስጥ ግን አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ማየት የተሳናት ልጅ ናት። ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ በመስኮት አዳምጣዋለች። «እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት፤ መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

«ድምፅሽ ያምራል» አለችኝ። «ግን ኳሷ እነማን ጋ እንዳለች እንጂ የት እንዳለች አላወቅኩም። ስንት ለስንት እንደሆኑም በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የነገርሽኝ። ደግሞ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባኝ ትጮሂያለሽ። ሰው ሲስቅ ሰምቶ የቀልዱን ነገር እንዳልሰማ ሰው ሆኜ ነው ያመሸሁት።»

ምን አለፋችሁ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንድ ልጅ ደግሞ በሞባይሉ ቀድቶኝ ስለነበር በማግሥቱ ራሴን አዳመጥኩት። ልጅቷ የሸሸገችው ነገር የለም። «አሻማት!» እላለሁ። ቅርጫት ኳስ ላይ ማን ያሻማል? «ወደ ግብ ክልሉ እየተጠጉ ነው» እላለሁ። አንድ ቦታማ ጭራሽ «ጎ...ል! ይቅርታ፣ ገባች!» ብያለሁ። ባጭሩ ከልጅነቴ ጀምሮ በሬዲዮ የሰማሁትን የእግር ኳስ ቋንቋ አምጥቼ በማያውቀው ጨዋታ ላይ ደፍቼበት ነበር።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ ሌሊት በኋላ የደረስኩበትን አንድ ሐሳብ ለዲፓርትመንታችን ተማሪዎችና መምህራን ለማካፈል ነው። ሐሳቡ ይሄ ነው፦ አንድን ጨዋታ ለሕዝብ ሊተርክ የሚፈልግ ጋዜጠኛ ማይኩን ከመያዙ በፊት ፊሽካውን አንጠልጥሎ ጨዋታውን ለሰው ማስተማር አለበት። በተለይ እንደ ቅርጫት ኳስ ገና ሰሚ ባልሰበሰበ ስፖርት ላይ ማሠልጠንና መተረክ አንድ ሙያ ነው ባይ ነኝ።

የዱርቤቴዋ ቅርጫት

መጀመሪያ ከየት እንደመጣሁ ልንገራችሁ። ከባሕር ዳር ተነስቶ በመራዊና በወተት አባይ በኩል ወደ ዳንግላ የሚሄድ ሰው ዱርቤቴን ሳያይ አያልፍም። የአቸፈር አገር ነው፤ በቆሎውና ዳጉሳው የታወቀ። ስፖርት ሲባል ደግሞ እንደየትም አገር እግር ኳስ ነው። በተማርኩበት ትምህርት ቤት ግቢ ጥግ ላይ ግን አንዲት የብረት ምሰሶ ነበረች። ጫፏ ላይ ቀለበት አለ፤ መረብ የለውም፤ ሰሌዳው ዝናብ የበላው ጣውላ ነው። ትይዩዋ የነበረችው ሁለተኛዋ ምሰሶ ከብዙ ዓመት በፊት ወድቃ ቀርታለች።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህራችን በዚያች አንዲት ቅርጫት ሥር ሴቶቹን ሰብስበው ማንጠር፣ ማቀበልና መወርወር አስተማሩን። ኳሷ አንድ ስለነበረች አንዷ ስትወረውር የቀረነው ቆመን እናያለን። ያኔ መቆሙ ያናድደኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ትልቁን ትምህርት የተማርኩት ቆሜ ሳይ ነው። ቲቸር ተራ የምንጠብቀውን ልጆች ዝም ብለን እንድንቆም አይተዉንም ነበር። «አሁን ለምን ሳተች? ተናገሪ!» ይሉናል። «ጉልበቷን አላጠፈችም»፣ «ክንዷን ሳትዘረጋ ለቀቀችው» እያልን እንመልሳለን። ሳናውቀው ተንታኝ እያደረጉን ነበር።

አባቴ ግን አንድ ጥያቄ ነበረው። ትንሽ ሱቅ አለችው፤ ከትምህርት ቤት አርፍጄ በላብ ተጠምቄ ስመጣ ያየኝና «ልጄ፣ ለመሆኑ ኳስ ማንጠር እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይለኛል። ስድብ አልነበረም፤ ጥያቄ ነው። እኔም እስካሁን በሙሉ ልብ አልመለስኩለትም።

ይኸው አባቴ ግን ሬዲዮኑን ከሱቁ ለይቶት አያውቅም። ኅዳር 2012 ዓ.ም. ላይ ዋልያዎቹ እዚህ ባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ መብራት ጠፍቶ ስለነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሱቋ ደጃፍ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ባሕር ዳር ያለው ሜዳ ዱርቤቴ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየን ነበር። በባትሪ ሬዲዮ! እንግዲህ ስፖርት ጋዜጠኛ መሆን የተመኘሁት ያን ቀን ነው። ከዓመታት በኋላ ግን የዶርሜን ልጅ በጨለማ ትቻት ወጣሁ። ከሁሉ በላይ የቆጨኝ እሱ ነው።

አሠልጣኝ የሚያየው

ከዚያ ቅሌት በኋላ ምን አደረግኩ? በግቢው ውስጥ የቅርጫት ኳስ ቡድን የሚያሠለጥኑትን መምህር ሄጄ አስፈቀድኩና ልምምድ ሲኖር ተቀያሪዎቹ ወንበር ጥግ መቀመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ውኃ አቀባይ ነበርኩ። ቆይተው የጥፋት መዝገብ አስያዙኝ። እዚያች ወንበር ላይ የገባኝ ነገር ቢኖር ከተመልካች ቦታ የሚታየው ጨዋታና ከአሠልጣኝ ወንበር የሚታየው ጨዋታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ተመልካች ኳሷን ያያል። አሠልጣኝ ግን ኳስ ያልያዙትን አራቱን ያያል። ተመልካች የገባውን ይቆጥራል። አሠልጣኝ ሰከንዱን ይቆጥራል፤ አንድ ቡድን ኳስ ከያዘ በኋላ በ8 ሰከንድ ውስጥ መሐሉን መስመር ተሻግሮ፣ በ24 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበትና። ጥፋቱንም ይቆጥራል። አንድ ተጫዋች 5 ጥፋት ከሞላ ይወጣል። ቡድኑ በአንድ ሩብ ውስጥ ከ4 ጥፋት ካለፈ ደግሞ ተጋጣሚው ነፃ ውርወራ ያገኛል። እነዚህን ቁጥሮች የማያውቅ ተራኪ አንድ አሠልጣኝ በአራተኛው ሩብ ላይ ምርጥ ተጫዋቹን ለምን እንዳስቀመጠ ሊያስረዳ አይችልም። «ምን ነካው?» ብሎ ያልፋል። እኔም ብያለሁ።

ስለ 24 ሰከንዱ የሰማሁት ታሪክ ደግሞ ይበልጥ አስተማረኝ። እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ ፎርት ዌይን የተባለው ቡድን ሚኒያፖሊስን ያሸነፈው 19 ለ 18 ነበር። የተሳሳትኩ እንዳይመስላችሁ፣ ሙሉው ጨዋታ አልቆ ነው! አንዱ ቡድን ኳሷን ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ተመልካቹ ያዛጋል። ከዚያ የሲራኪዩስ ቡድን ባለቤት የነበረው ዳኒ ቢያሶን ስሌት ሠራ። ጨዋታው 48 ደቂቃ፣ ማለትም 2,880 ሰከንድ ነው። ደስ የሚል ጨዋታ ላይ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ ወደ 120 ጊዜ ይወረውራሉ። 2,880 ለ 120 ሲካፈል 24! ከ1954 ጀምሮም ኤንቢኤ በዚሁ ይጫወት ጀመር። ይህን ካወቅኩ በኋላ 24 ሰከንድ ማለት የጨዋታው ትንፋሽ መሆኑ ገባኝ። ተራኪም መተንፈስ ያለበት በዚያው ልክ ነው።

እስቲ ልዩነቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። የፍጻሜው ዕለት የተናገርኩት እንዲህ ነበር፦ «ያዘ፣ ወደ ፊት ሄደ፣ አቀበለ፣ ተቀበለ፣ ወረወረ... ገባች!» አሁን ቢሆን እንዲህ እል ነበር፦ «ነጮቹ ናቸው፤ መሐሉን መስመር ተሻግረዋል። በቀኝ በኩል፣ ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ። 12 ሰከንድ ቀርቷቸዋል። ረጅሙ ልጅ ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ከሥሩ ቆሟል፤ እሱን ነው የሚፈልጉት። ሰጡት። ሁለት ሰዎች ከበቡት። እንግዲያው ግራ ጥግ ላይ አንድ ሰው ባዶውን ቀርቷል ማለት ነው... አየው፣ ሰጠው፣ ወረወረ... ሦስት ነጥብ! ነጮች 41፣ ቀዮች 38።»

የመጀመሪያው ጩኸት ነው። ሁለተኛው ላይ ግን ሰሚው ከመጮኼ በፊት ምን ሊመጣ እንደሆነ አውቆ ልቡ መምታት ይጀምራል። «ሁለት ሰው ከከበበው አንድ ሰው ባዶ ቀርቷል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማንም ከመጽሐፍ አላስተማረኝም። አሠልጣኙ አጠገቤ ቁጭ ብለው «ባዶውን እየው! ባዶውን!» እያሉ ሲጮኹ ነው የተማርኩት።

አዲስ ነገር አይደለም

ማሠልጠንና መናገርን አንድ ላይ ማስኬድ የኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ሂዩቢ ብራውን የሚባሉ አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 አትላንታን እያሠለጠኑ የኤንቢኤ የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተባሉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በቴሌቪዥን ጨዋታ ሲተነትኑ ኖሩና ወደ ማሠልጠን ተመልሰው በ2004 ከሜምፊስ ጋር ይህንኑ ሽልማት ደገሙት። በ26 ዓመት ልዩነት! ከዚያም እንደገና ወደ ማይኩ ሄደው በየካቲት 2025 በ91 ዓመታቸው ነው የተሰናበቱት። ሲተነትኑ ብዙ ጊዜ ተመልካቹን ራሱን የቡድኑ አሠልጣኝ አድርገው ነበር የሚያናግሩት። ሰውየው ለብዙ ሰው ቢናገሩም ዞሮ ዞሮ እያሠለጠኑ ነበር ማለት ነው።

የራሳችንን አገር ካየን ደግሞ ይድነቃቸው ተሰማን ማን ይረሳል? በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወቱ፣ አሠለጠኑ፣ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ብሔራዊ ቡድን ከመሩት አንዱ ሆኑ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዓለም መድረክ ላይ ስለ አፍሪካ ኳስ ሲከራከሩ ቃላቸው ይደመጥ የነበረው ሜዳውን ከውስጥ ስለሚያውቁት ይመስለኛል።

«ደምሴ ዳምጤስ? እሱ አሠልጣኝ ሳይሆን አይደል እንዴ አገር ያስለቀሰው?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ የደምሴን ድምፅ በሬዲዮ የሰሙ ታላላቆቻችን ዛሬም ድረስ ሲያወሩት ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ነገር ግን ደምሴ የሚናገረው ሰሚው ሁሉ ስለሚያውቀው ጨዋታ ነበር። «መለያ ምት» ሲል የማይገባው የለም። እግር ኳስን እያንዳንዱ ሰፈር ቀድሞ አስተምሮለታል። የቅርጫት ኳስ ተራኪ ግን ይህ ዕድል የለውም። ሰሚውን ራሱ ማስተማር አለበት። ለዚህም ነው አሠልጣኝነት ያስፈልገዋል የምለው።

ሁለት ተቃውሞዎች

ይህን ሐሳብ ክፍል ውስጥ ሳነሳ ሁለት ጠንካራ ተቃውሞዎች ገጥመውኛል። ሁለቱንም በቀላሉ የምንቃቸው አይደሉም።

የመጀመሪያው የመጣው ከአንድ መምህራችን ነው። «የጥቅም ግጭት የሚባለውን የት ልታደርጊው ነው?» አሉኝ። ጋዜጠኛ የሚዘግብበት ጉዳይ ውስጥ እጁ ካለበት ዘገባው ይታመናል ወይ? ትክክል ናቸው። የራሱን ቡድን ጨዋታ የሚተርክ አሠልጣኝ ዳኛው በነፋ ቁጥር መማረሩ አይቀርም። ስለዚህ ለራሴ ሦስት ሕጎች አወጣሁ። አንደኛ፣ የማሠለጥነውን ቡድን ጨዋታ አልተርክም፣ ዜናውንም አልጽፍም። ሁለተኛ፣ ሌሎችን ስተርክ ከመጀመሬ በፊት ማሠለጥን መሆኔን ለሰሚው እነግረዋለሁ። ሦስተኛ፣ ከምዘግብበት ክለብም ሆነ ፌዴሬሽን ገንዘብ አልቀበልም። ይህ ዋጋ ያስከፍላል፤ አንድ ቡድን ብቻ ባለበት ከተማ ስለዚያ ቡድን መናገር አልችልም ማለት ነው። እሺ፣ አልናገርም። ሌላ ተናጋሪ አሠለጥናለሁ።

መምህሬን አንድ ነገር ግን ልጠይቃቸው እወዳለሁ። ጨዋታውን ጨርሶ የማያውቅ ተራኪ ሰሚውን አያሳስተውም ወይ? ወገንተኝነት አንድ ጥፋት ነው። አለማወቅም ሌላ ጥፋት ነው። እኛ በትምህርታችን የመጀመሪያውን አጥብቀን እንጠነቀቃለን፤ ሁለተኛውን ግን በድምፅ ውበት እንሸፍነዋለን። የፍጻሜው ዕለት እኔ ለማንም አላደላሁም፤ ሆኖም የዶርሜን ልጅ አልጠቀምኳትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመጣው ከጓደኞቼ ነው። «ማን ይሰማሻል?» ነው የሚሉኝ። ሰው የሚፈልገው አርሰናልንና ማንቼን ነው፤ ስፖንሰሩም የሚከፍለው ለሱ ነው። ይሄም እውነት አለው። እኔም አርሰናል ሲጫወት ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ።

ግን እስቲ ወደ ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2011 ነፃ የወጣች አገር ናት። ከተጫዋቾቿ ብዙዎቹ በስደት ያደጉ ናቸው። ሐምሌ 2024 ላይ ለንደን ውስጥ በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካን ልትጥል አንድ ነጥብ ነው የቀራት፤ 101 ለ 100። ከዚያ በፓሪስ ኦሊምፒክ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸንፋ ጀመረች። ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ «ማን ይሰማል?» ተብሎ ቢሆን ኖሮ መልሱ ያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ኪጋሊ ላይ በ12 ቡድኖች የተጀመረው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግም እንዲሁ በየዓመቱ ሰሚ እያበጀ ነው። እስከ 2025 ድረስ ከኢትዮጵያ አንድም ክለብ ዋናው ውድድር ላይ አልተሳተፈም። አንድ ቀን ይሳተፋል። ያን ቀን በአማርኛ ማን ነው የሚተርክልን? «አሻማት» እያልን ልንተርክ ነው?

ሴት መሆኔን እያዩ በጎን የሚስቁም አሉ። ለነሱ መልሴ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኬንያን የወንዶች ብሔራዊ ቡድን ይዛ አፍሮባስኬት ላይ የቀረበችው ሊዝ ሚልስ የተባለች አውስትራሊያዊት ናት። በዚያ ውድድር የወንዶች ቡድን በዋና አሠልጣኝነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።

ሁለት ሳምንት በአንድ ቅርጫት

በሴሚስተሩ እረፍት መንገዱ ሰላም ሲሆን ዱርቤቴ ገባሁ። የድሮው መምህሬን አስፈቅጄ ከሰዓት በኋላ ሴት ተማሪዎችን መሰብሰብ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን አራት መጡ፤ ሲያልቅ አሥራ አንድ ሆነው ነበር። ኳሷ አሁንም አንድ ናት። ቅርጫቷም አሁንም አንድ ናት።

እንደ ዕድል ሆኖ ግን አንድ ቅርጫት የሚበቃው ጨዋታ አለ። ሦስት ለሦስት ይባላል፤ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቷል። ግማሽ ሜዳ፣ በየቡድኑ ሦስት ተጫዋችና አንድ ተቀያሪ፣ 10 ደቂቃ ወይም ቀድሞ 21 ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል። የመወርወሪያው ጊዜ 12 ሰከንድ ብቻ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን በሕጉ መሠረት አሠልጣኝ በጨዋታው ጊዜ ከሜዳ ዳር ሆኖ ተጫዋቾቹን መምራት አይፈቀድለትም። ተጫዋቾቹ ራሳቸው መነጋገር አለባቸው።

እናም ተነጋገሩ። የጎደላቸውን ቃል ከየትም ፈልገው አመጡ። ከቅርጫቱ ነጥራ የምትመለሰውን ኳስ እኔ «ሪባውንድ» እያልኩ ሳስተምር እነሱ «ተመላሽ» አሏት። «ተመላሿን ያዣት!» ለጓደኛዋ መንገድ ለማስከፈት ተከላካይ ፊት የምትቆመዋን ደግሞ «ግድግዳ» አሏት። «ግድግዳ ሁኝልኝ!» እኔ ማይክ ይዤ ያጣሁትን ቋንቋ የዱርቤቴ ልጆች በሁለት ሳምንት አበጁት። ጨዋታው ስላስፈለጋቸው ነዋ!

አንዷ ልጅ ቁርጭምጭሚቷን ወለም ብሏት ሦስት ቀን አልተጫወተችም። እንድትቆጥር አደረግኳት። ከዚያ እንድትተርክ። መጀመሪያ አፈረች፤ በሦስተኛው ቀን ግን የቆሙት ልጆች ሜዳውን ትተው እሷን ማየት ጀምረው ነበር። ያ ቡድን ስለሆነ እኔ ስለሱ አልዘግብም ብያለሁ። እሷ ግን ትችላለች። ሌላ ተናጋሪ አሠለጥናለሁ ያልኩት ይህንን ነው።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ሠመረ እያልኩ አይደለም። ሁለት ልጆች ውኃ መቅዳት አለባችሁ ተብለው ቀርተዋል። የማስተምራቸውን ግማሹን በደንብ አላስረዳሁም። ግን አንድ ነገር ያጽናናኛል። ቅርጫት ኳስን እ.ኤ.አ. በ1891 የፈለሰፈው ጄምስ ናይስሚዝ ራሱ በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሲያሠለጥን ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጣል፤ 55 አሸንፎ 60 ተሸንፏል። ጨዋታው ግን ዓለምን አዳረሰ።

የምጠይቀው

ከዲፓርትመንታችን የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ስፖርት ጋዜጠኝነት የሚወድ ተማሪ ሁሉ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር በግቢያችን ካሉት ቡድኖች በአንዱ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ውኃ እያቀበለም ቢሆን። ሁለተኛ፣ የቀጥታ ትረካ ልምምድ ሲሰጠን የሚዳኙን ማየት የተሳናቸው ጓደኞቻችን ይሁኑ። ከነሱ የበለጠ ዳኛ የለም። ኳሷ የት እንዳለች ካላወቁ ወደቅን ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ከስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች ጋር ሆነን እንደ «ተመላሽ»ና «ግድግዳ» ያሉ ቃላትን እየሰበሰብን በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ እንለጥፍ። የሚሰምረው ይቀራል፤ የማይሰምረውን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ይጥሉታል።

የራሴን ጉዳይ በተመለከተ፣ አንድ የሬዲዮ ስፖርት ፕሮግራም ላይ የሚሠራ የማውቀው ልጅ በክረምቱ መጥቼ የአውሮፓን የዝውውር ዜና እንዳነብ ጋብዞኛል። ክፍያ የለውም፤ ግን «ድምፅሽ ይታወቃል» አለኝ። ብዙዎቻችን ወደ ሙያው የምንገባው በዚያ በር መሆኑን አውቃለሁ። አስቤበት «ክረምቱን ዱርቤቴ ነኝ» አልኩት። ወንበሩን ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ ምናልባትም ተመልሶ አይገኝም። አልቆጨኝም ብል ውሸት ይሆናል። ነገር ግን ሌላው ያነበበውን ተርጉሜ ከማነብ ራሴ የማውቀውን አንድ ነገር ይዤ ብመጣ ይሻላል ብዬ ነው። ለአባቴም መልስ የሚኖረኝ ያኔ ነው። ማንጠሩ ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ ማውራቱም ብቻውን አያዛልቅም። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ሰው ግን የሚፈልገው አያጣም ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ወር ሁለት ዲፓርትመንቶች የወዳጅነት ጨዋታ ነበራቸውና ማይኩን ደግመው ሰጡኝ። ከመጀመሬ በፊት «ከተጫዋቾቹ ከአንዳቸው ጋር ልምምድ ላይ እሠራለሁ፤ ካዳላሁ ንገሩኝ» አልኩ። ድምፄን ቀነስኩ። ነጥቡን በገባ ቁጥር ተናገርኩ። በዚህ ጊዜ ጨዋታው ሲያልቅ ማንም አልከበበኝም። «ዛሬ ምነው ቀዘቀዝሽ?» ያለኝም አለ።

ማታ ዶርም ስገባ የዶርሜ ልጅ ገና ሳልጠይቃት «ቁጥር 7 በአራተኛው ሩብ ላይ ለምን እንደተቀመጠ ገብቶኛል፤ አራት ጥፋት ነበረበት» አለችኝ። «ኳሷም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠፋችብኝ።»

መቼ እንደጠፋችባት ጠይቄ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ለሚቀጥለው ጨዋታ እሠራበታለሁ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።